የቤተሰብ ጸሎት በካርቱም



በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፥ የካቶሊክ እምነትና የጸሎት ልማድ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ፥ በየዕለቱ የኑሮ ድካም መካከል፥ በአባትና በእናት በልጆችም ዘንድ እንዴት ሊተከልና ሊጸና እንደሚችል ነው፤ ይህንም በጠቅላላው ከማተት ይልቅ በአንዲት ከተማ አብነት ብንመለከተው ነገሩ ይበልጥ ስለሚገለጥልን፥ ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባትን፥ ወገኖቻችንም አንዳንዱ በስደት አንዳንዱ እንጀራ ፍለጋ ለብዙ ዘመን የኖሩባትን ካርቱምን መርጠናል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዘመናት፥ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በካርቱም የምትኖር ካቶሊካዊት እናት ከሁሉ በፊት የሚገጥማት ችግር የቀን ችግር ነው። በሱዳን የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ፥ በአገር ቤት ብትሆን ነጠላዋን ተከናንባ ልጆችዋንም አስከትላ ወደ ቅዳሴ በምትገሰግስበት በሰንበተ ክርስቲያን ጠዋት፥ ልጆችዋ በትምህርት ቤት፥ ባልዋ በሥራው ቦታ፥ እርስዋም በሰው ቤት ወይም በጀበናዋ አጠገብ ትውላለች፤ ስለዚህም የከተማይቱ ቁምስናዎች ቅዳሴውንና ትምህርተ ክርስቶሱን ለሕዝቡ በሚመቸው በዓርብ ቀን፥ የእሑዱንም በምሽት ማድረግን ለምደዋል። በሰማያዊው ዓባይ ዳር በ1908 የተሠራው የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ምንም ያማረ ቢሆን፥ ከጀሪፍ ወይም ከኡምዱርማን ዳርቻ ተነሥቶ ወደዚያ ለመድረስ የመሳፈሪያው ገንዘብ፥ የመንገዱ ርዝመትና የፀሐዩ ትኩሳት ሁሉም ለየብቻቸው መሰናክል ይሆናሉ። ደርሰው ቆመውም ቢያስቀድሱ፥ ሥርዓቱ በአብዛኛው የላቲን፥ ቋንቋውም ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ስለሆነ፥ በግእዝ ዜማና በከበሮ ያደገ ልብ ጸጋውን ቢቀበልም ናፍቆቱ አይለቀውም።

እኔ ለዚህ ሁሉ የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ በእንዲህ ያለ ከተማ የልጅን እምነት ለቁምስናና ለካቴኪስት ብቻ ትቶ መቀመጥ ልጁን ባዶ እጁን ማስቀረት ስለሆነ፥ አባትና እናት በቤታቸው የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ስፍራ ያለው፥ አጭር ግን የማይቋረጥ ጸሎት ሊያቆሙ ይገባል። ይህ አሳብ አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዓመት ለአንጾኪያ ምእመናን ሲሰብክ ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉት ይመክራቸው ነበር፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ ቤተሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶ፥ ወላጆች በቃልና በአብነት ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የሃይማኖት ሰባክያን መሆናቸውን አስተማረ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ይህንኑ አስፋፍተው ገለጡት።

የሱዳንም የካቶሊክ ታሪክ ለቤተሰብ የነበረውን ግምት ያሳያል። በጥቅምት 10 ቀን 1881 በዚችው በካርቱም ያረፈው ሚስዮናዊው ጳጳስ ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ፥ አፍሪቃ በራስዋ ልጆች እንድትድን የሚል ዕቅዱን በ1864 ካወጣ በኋላ፥ በኤል ኦበይድ አቅራቢያ ማልቤስ በተባለው ስፍራ ከባርነት ነጻ የወጡ ክርስቲያኖች ትዳር ይዘው፥ ምድር አርሰው፥ ልጆቻቸውን በሃይማኖት እያሳደጉ የሚኖሩበት መንደር እንዲቋቋም አድርጎ ነበር። ያ መንደር በማሕዲ ጦርነት ዘመን ቢጠፋም፥ ለነጻ ወጪዎቹ ከጸሎት ቤቱ ጋር ጎጆና እርሻ እንደሚያስፈልጋቸው ማሰቡ የአስተዋይነቱ ምስክር ነው።

አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ብላችሁ እንድትሰሙኝ የምፈልገው የአንዲት የሱዳን ልጅ ታሪክ ነው። ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በ1869 ዓመት ግድም በዳርፉር ተወልዳ፥ ገና ሕፃን ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ከወላጆችዋ እጅ ነጥቀው ወሰዷት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠች፥ እየተገረፈች፥ ገላዋም በስለት እየተተለተለ ጨው እየተነሰነሰበት ብዙ መከራ ከተቀበለች በኋላ፥ በ1883 በካርቱም የኢጣልያ ቆንስል የነበረው ካሊስቶ ሌኛኒ ገዛት። በዚያ ቤት ጅራፍ አልነበረም፤ ቆንስሉም ከተማይቱን ለቆ ሲሄድ አብራ እንድትሄድ ለምና፥ በ1885 ኢጣልያ ገባች። እዚያም ሚኪኤሊ ለተባሉ ባልና ሚስት ተሰጥታ ሚሚና የምትባለውን ሕፃን ልጃቸውን ታሳድግ ጀመር።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባኪታ ስለ ክርስቶስ ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ እርስዋ ራስዋ እንደ ተረከችው ግን፥ በልጅነትዋ ፀሐይንና ጨረቃን ከዋክብትንም እየተመለከተች የእነዚህ ሁሉ ጌታ ማን ይሆን ትል ነበር። የዚህን ጥያቄ መልስ በመጀመሪያ ያመጣላት ካህን ወይም ጳጳስ ሳይሆን፥ ኢሉሚናቶ ኬኪኒ የተባለ፥ የሚኪኤሊ ቤተሰብ ንብረት ጠባቂ የነበረ ትዳር ያለው ምእመን ነው፤ ይህ ሰው ከዕለታት አንድ ቀን ትንሽ የብር መስቀል አምጥቶ፥ እርሱ አስቀድሞ በአክብሮት ተሳልሞ፥ የእግዚአብሔር ልጅ ስለ እኛ እንደ ሞተ በጥቂት ቃል ነግሮ ሰጣት። እርስዋም መስቀሉን ሰው እንዳያይባት ሸሽጋ፥ ብቻዋን በሆነች ጊዜ እያወጣች ትመለከተው ነበር። በኋላም ከምታሳድጋት ከሚሚና ጋር በቬኒስ ወደሚገኘው የካኖሳ ደናግል የንኡሰ ክርስቲያን ቤት ገብታ ትምህርተ ሃይማኖትን ተማረች፤ እመቤቲቱ ወደ ሱዳን፥ ወደ ሱዋኪን ልትወስዳት በመጣች ጊዜም አልሄድም አለች፤ በኅዳር 29 ቀን 1889 ነጻነትዋ በሕግ ተረጋግጦላት፥ በጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። ድንግል መነኵሲት ሆና በስኪዮ ከተማ ምግብ በማብሰል፥ ንዋያተ ቅድሳትን በመጠበቅ፥ ብዙ ጊዜም በር በመክፈት አገልግላ፥ በየካቲት 8 ቀን 1947 ዐረፈች፤ በ2000 ጥቅምት 1 ቀንም ቅድስናዋ ታወጀ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት 10 ቀን 1993 ካርቱምን በጎበኙ ጊዜ፥ ባሪያ ሆና በተሸጠችባት ከተማ ስምዋን በክብር ጠርተው ለሱዳን ምእመናን መጽናኛ አደረጉላቸው።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት በውስጡ ለቤተሰብ የሚሆን ብዙ ነገር ስላለ ነው። ኬኪኒ ረጅም ስብከት አልሰበከም፤ መስቀሉን ፊትዋ ተሳለመው፥ ከዚያም ጥቂት ቃል ጨመረ። ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ አባታቸው ማልዶ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ቆሞ ሲያማትብ ካዩት፥ ማንም ሳያዝዛቸው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሣሉ፤ አባትየው ተኝቶ ወይም በስልኩ እያወራ ጸልዩ የሚላቸው ከሆነ ግን ጸሎት የሴትና የሕፃን ሥራ መስሎ ይታያቸዋል። በእኛ ዘንድ የቤት ጸሎት በእናት ትከሻ ላይ ብቻ የተጣለ መሆኑ እጅግ ያሳዝነኛል፤ እናንተ አባቶች፥ ሌላው ሁሉ ቢያቅታችሁ፥ የማታውን አቡነ ዘበሰማያት በራሳችሁ ድምፅ አስጀምሩ።

ደግሞም በሰው ቤት ተቀጥረሽ የምትሠሪ እኅቴ፥ ከሳምንት እስከ ሳምንት ከቅዳሴ ርቀሽ የሰው ልጅ አቅፈሽ የምትውዪ፥ ባኪታ ከማንም ይልቅ ላንቺ ቅርብ ናት። በአሠሪዎችሽ ቤት ጮኸሽ መዘመር፥ ሥዕል መስቀልም ላይቻልሽ ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃ ስታጥቢ በልብሽ የምትደግሚው ጸሎት፥ በቀሚስሽ ኪስ የያዝሽው መቁጠሪያ፥ ዓርብ ስትወጪም ከአገርሽ ልጆች ጋር ሆነሽ የምታደርሺው ማኅበራዊ ጸሎት በእግዚአብሔር ፊት ሙሉ ጸሎት ነው። ካቶሊካውያን ቤተሰቦችም በዓርብ ቀን ለእንደዚህ ያሉት ብቸኛ እኅቶች ቤታቸውን ቢከፍቱላቸው፥ ቡናውን አብረው ጠጥተው ጸሎቱንም አብረው ቢያደርሱ፥ ለልጆቻቸው ከማንኛውም መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ያሳዩአቸዋል።

ወደ ሥራው ስንገባ፥ አስቀድሞ የስፍራውን ነገር እንመልከት። በካርቱም ብዙው ቤተሰብ በአንድ ክፍል የሚኖር ስለሆነ ልዩ የጸሎት ክፍል ማሰብ ከንቱ ነው፤ ከግድግዳው አንዱን ማዕዘን መርጦ፥ መስቀልና የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሎ፥ ከሥሩ ሻማ የሚቆምበት ትንሽ ጠረጴዛ አድርጎ፥ ቦታው የዕቃ ማስቀመጫ እንዳይሆን መጠበቅ ይበቃል። መብራት በሚጠፋባቸው ብዙ ምሽቶች፥ ልጆች ጨለማውን እየፈሩ ወደ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ፥ ሻማው ከሥዕሉ ሥር ቢበራ ጊዜው ራሱ ለጸሎት ይጠራቸዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን ከጎረቤቶቻችን የምንማረው አለ። በካርቱም ያደገ ልጅ ሁሉ በቀን አምስት ጊዜ የአዛን ድምፅ ይሰማል፤ ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ፥ ሹፌሩም መኪናውን አቁሞ፥ በመንገድ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ ሲሰግድ ያያል፤ በረመዷንም ወራት የሰፈሩ ወንዶች የማፍጠሪያውን ትሪ ወደ መንገድ አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ሲጋብዙ ይመለከታል። ይህ ልጅ ወደ ቤቱ ገብቶ እኛስ መቼ ነው የምንጸልየው ብሎ ቢጠይቅ፥ እናቱ የምትሰጠው መልስ ሊኖራት ይገባል፤ የጎረቤቱንም ጸሎት በማናናቅ መልስ ማበጀት ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑንና ሌሊቱን በሰዓታት ከፍላ ማመስገንን ከጥንት ጀምራ የምታውቅ ናት፤ ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ምርኮ ሳለ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ከመውጣት በፊት ማማተብና አቡነ ዘበሰማያት፥ ቀትር ላይ ሁሉም ባለበት ሆኖ የመልአከ እግዚአብሔር ጸሎት፥ ማታም ሁሉም ሲሰበሰብ የጋራ ጸሎት ቢደረግ፥ ማንንም የማይከብድ የቀን ሥርዓት ይሆናል።

ለማታው ጸሎት የመቁጠሪያውን አምስቱን ምሥጢራት በአንድ ጊዜ ማድረስ ለደከመ ሠራተኛና ለሚያንቀላፋ ሕፃን ከባድ ስለሆነ፥ በሳምንቱ ቀናት አንዱን ምሥጢር ብቻ፥ ማለት አሥሩን በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፥ ማድረስ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ሙሉውን ለዓርብ ወይም ለእሑድ ምሽት ማቆየት ይቻላል። ቡና በሚፈላበት ቀን ደግሞ፥ ከአቦሉ ጀምሮ ጨዋታው እንደ ልማዱ ይቀጥልና፥ በረካው ከመቀዳቱ በፊት እናትየዋ መቁጠሪያዋን ብታነሣ፥ ጎረቤት የመጣ እንግዳ እንኳ ቢኖር በአክብሮት ይቀመጣል እንጂ አይከፋም። ከጸሎቱ በፊት ግን ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ፥ ወንድም እኅቱን የመታ እንደሆነ፥ አስቀድሞ ይቅር መባባል ይገባል፤ ወላጅ በልጁ ፊት በድያለሁ ይቅር በለኝ ሲል የሰማ ልጅ፥ የምስጢረ ንስሐን ትርጉም ካህኑ ሳያስተምረው ግማሹን ተምሯል።

የቋንቋው ነገር ብዙ ወላጆችን ያስጨንቃል። ልጁ በሰፈርና በትምህርት ቤት ዐረብኛ ሲናገር ውሎ ይገባል፤ አማርኛው ይሰባበርበታል፥ ግእዙማ ፈጽሞ እንግዳው ነው። እኔ የምመክረው፥ አጫጭሮቹን ጸሎቶች በአገሩ ቋንቋ በቃሉ እንዲያጠና፥ ከልቡ የሚያወጣውን ልመና ግን በፈለገው አንደበት እንዲናገር መተው ነው። ስለ ታመመው የክፍል ጓደኛው በዐረብኛ ቢለምን እግዚአብሔር ይሰማዋል፤ በአማርኛ ተናገር ብሎ መገሠጽ ግን የልጁን ልመና ወደ ፈተና ይለውጠዋል።

በብዙ ቤት ደግሞ አንደኛው ወገን ካቶሊክ ሌላው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መሆኑ የታወቀ ነው። ለእነዚህ ባለትዳሮች አቡነ ዘበሰማያትና የእመቤታችን ሰላምታ፥ የመዝሙረ ዳዊት ንባብና የወንጌል ቃል የጋራ ሀብት ስለሆኑ፥ በልጆች ፊት ስለሚለያየው ከመከራከር የሚያስማማውን አብሮ ማድረስ ይሻላል፤ ክርክሩ ለመምህራን ይቆይ። የበዓልም ነገር እንዲሁ ነው፤ በቁምስናው ልደት ዲሴምበር 25 ቀን ይከበራል፥ በቤት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ይጠበቃል፤ ልጆች ግራ እንዳይጋቡ ምክንያቱ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት መሆኑን ገልጦ፥ የመጀመሪያውን ከከተማው ምእመናን ጋር፥ ሁለተኛውን ከአገር ቤት ዘመዶች ጋር ማክበር ሁለት ጊዜ ማመስገን ነው።

አድማጮቻችን፥ ይህ ሁሉ ምክር በሰላም ዘመን የተነገረ ቢሆን ኖሮ ቀላል መስሎ በታየ ነበር። በካርቱም ጦርነት የተነሣው ኤፕሪል 15 ቀን 2023፥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ያችም ዕለት በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ ቀዳም ሥዑር ነበረች። በማግስቱ ፋሲካ ነው ብሎ ዶሮውን የገዛ፥ ለልጆቹ ልብስ ያዘጋጀ፥ ሌሊቱን ለማስቀደስ ያሰበ ቤተሰብ፥ የተኩስ ድምፅ ከተማውን ስለ ሞላው ከደጁ መውጣት አልቻለም። በዚያች ሌሊት ብዙዎች ትንሣኤን ያከበሩት በር ዘግተው፥ ከመስኮት ርቀው፥ በወለል ላይ ተቀምጠው ነው። አስቀድሞ የጸሎት ማዕዘን የነበረው ቤተሰብ በዚያች ሌሊት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ልጆቹ ቃሉን በልባቸው ይዘውታል፥ አባት ይጀምራል፥ እነርሱ ይቀበላሉ። ልማዱ ያልነበረው ቤት ግን በፍርሃት ሰዓት ቃል መፈለግ ነበረበት፤ በፍርሃት ሰዓት ደግሞ ቃል አይገኝም። በቀጠሉት ወራት በሸጀራ ሰፈር የሚገኘውን ዳር ማርያም የተባለውን የሳሌዥያን እኅቶች ቤት የመሰሉ ገዳማውያን ቤቶች ለብዙ ሴቶችና ሕፃናት መጠለያ ሆኑ፤ እነርሱም ራሳቸው ከመመታት አልዳኑም።

ከዚያ ወዲህ ብዙው ወገን ተበትኗል፤ አንዳንዱ በመተማ በኩል ወደ አገር ተመልሷል፥ አንዳንዱ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ወደ ግብፅ ወይም ወደ ደቡብ ሱዳን አልፏል፥ አንዳንዱም በካርቱም ቀርቷል። ለተበተነ ቤተሰብ ከመጻሕፍት ሁሉ መጽሐፈ ጦቢትን እንድታነቡ እመክራለሁ፤ ጦቢት በነነዌ ስደተኛ ሆኖ፥ ዓይኑም ታውሮ ሳለ፥ ልጁ ጦብያ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ እግዚአብሔርን እንዲያስብ፥ ምጽዋት እንዳይከለክል፥ እናቱን እንዲያከብር አስተምሮ ሰደደው፤ ጦብያም በሠርጉ ሌሊት ከሚስቱ ከሣራ ጋር ከሁሉ አስቀድሞ ለጸሎት ቆመ። ዛሬ አባት በአንድ አገር እናት በሌላ ቢሆኑ፥ ስልኩ በሚሠራበት ምሽት ወሬው ከመብዛቱ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት አብሮ ማድረስ ይቻላል፤ መስመሩ በተቆረጠም ጊዜ ሁለቱም በተስማሙበት ሰዓት በያሉበት ይጸልያሉ።

በጸሎታችሁ መጨረሻ የካርቱምን ስም ጨምሩ። ነቢዩ ኤርምያስ ለባቢሎን ምርኮኞች በላከው መልእክት ስለ ተሰደዱባት ከተማ እንዲለምኑ አዟቸው ነበርና፥ ያበላችንን፥ ልጆቻችንን ያስተማረችልንን፥ ብዙ ሙታኖቻችንንም በአፈርዋ የያዘችውን ከተማ መርሳት አይገባንም፤ ስለ ሰላምዋ፥ ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፥ ስለ ካህናቱና ስለ ደናግሉ፥ ቤታቸው ስለ ፈረሰባቸውም ሁሉ ልጆቻችሁ በስም እየጠሩ ይለምኑ።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፥ ልጆችን ለምስጢረ ንስሐ ስለ ማዘጋጀት፥ በተለይም ቁምስና ርቆባቸው ካህን በወራት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገኙ ቤተሰቦች እንነጋገራለን።